የተለጠፈ እንባ

ማይኩ እቴቴን ለሁለተኛ ጊዜ አለፋቸው።

ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ቀጥ አድርገው አውጥተው ነበር። ውይይቱን የምትመራው ባለመነጽር ልጅ ግን ዓይኗን በላያቸው ላይ አሳልፋ ከኋላቸው ላለው ጎረምሳ አቀበለችው። ጭራሽ ጎንበስ ብላ፣ "እማማ፣ መጸዳጃ ቤቱ በቀኝ በኩል ነው" አለቻቸው።

"ሽንትሽ ከመጣ አንቺ ሂጂበት። እኔን የያዘኝ ወሬ ነው።"

በአካባቢው ያለው ሰው ሳቀ። ማይኩ ግን ሄደ።

ፊልሙ ገና አሁን ማለቁ ነው። ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስክሪኑ ላይ የመጨረሻዋ ምስል እንደቆመች ናት፦ በር ላይ ሆና፣ ርቆ የሚሄድ ልጇን የምትሸኝ እናት። ጉንጯ ላይ የሰው ቁመት የምታህል እንባ። በድሮው ቅጂ ይቺ እንባ አልነበረችም። ዳይሬክተሩ ከስንት ዘመን በኋላ በኮምፒውተር አስጨምሯት ነው፤ የአዳራሹም ጠብ በዚችው እንባ ነው።

"ፊልሙ የሱ ነው" አለ ጎረምሳው። "ሰው የገዛ ቤቱን ቀለም ቢቀይር ማን ምን አገባው? ድሮ እኮ ሴትዮዋ ድንጋይ ነበረች። አሁን ነው እናት የሆነችው።"

ድንጋይ። እቴቴ ዞር ብለው ጎረምሳውን አዩት።

"የምን ቤቱ? ስንኖርበት የከረምነው እኛ አይደለን እንዴ!" አለ ከወዲያ ጥግ አንድ ወፍራም ባለታክሲ፤ የመኪናውን ቁልፍ እያወዛወዘ ነው የሚናገረው። "የኔ እናት ቁርጥ እንደዚያች ነበረች። ያቺን ደረቅ ፊት ለማየት ስል ካሴቱን እስኪበጣጠስ አይቼዋለሁ። ዛሬ መጥቶ እንደማንም አስለቀሰብኝ!"

"ድምፅ እንስጥበት" አለ አንዱ።

"የእናት እንባ በምርጫ ሆነ?" አለች ሌላዋ፤ ሳቁ እስከ በሩ ደረሰ።

መድረኩ ላይ ሸበቶው ዳይሬክተር ሁሉንም በትዕግሥት ሰማና የራሱን ማይክ አነሣ። በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ "ያን ጊዜም እንባ ፈልጌ ነበር" አለ። "አላገኘሁም። ዕድሜ ልኬን ሲቆጨኝ ኖሯል። አሁን መሣሪያው መጣና የጎደለውን ሞላሁ። ይኸው ነው።"

ተጨበጨበለት።

እቴቴ ተነሡ። ጉልበታቸው ጮኸ፤ አልሰሙትም። ማይኩን ከጎረምሳው እጅ፣ ከሕፃን ልጅ ቢላ እንደሚነጥቅ ሰው ላፍ አደረጉት።

"የጎደለው አልክ?"

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ከመብራቱ በመዳፉ ከለለ። "እቴቴ? መጣሽ እንዴ?"

"አልጠራኸኝም፤ ቲኬት ቆርጬ ገባሁ።" ወደ ሰዉ ዞሩ። "ታላቅ እህቱ ነኝ። ያቺ ድንጋይ ያላችኋት ሴትዮ እኔ ነኝ።"

አዳራሹ ስክሪኑንም አሮጊቷንም ደጋግሞ አየ። ጎረምሳው ወንበሩ ውስጥ አጠረ።

"ተዋናይ የሚቀጥርበት ስላልነበረው እኔን የእናታችንን ሻርፕ አልብሶ፣ ጸጉሬ ላይ ዱቄት ነስንሶ በር ላይ ገተረኝ። እናታችንን ሁኚ አለኝ። ሆንኩ። አልቅሺ አለኝ። እንቢ አልኩ። ሽንኩርት ከትፎ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስኩም።"

ባለታክሲው በሳቅ ወንበሩን ደበደበ። ዳይሬክተሩም ፈገግ አለ።

"አትሳቅ። ማልቀስ አቅቷት ነው ብለህ ነው የኖርከው?" የእቴቴ ድምፅ ዝቅ አለ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ለሱ ብቻ ነው የተናገሩት፤ የሰማ ይስማ። "ከቤት የወጣህ ቀን ሻንጣህን አንጠልጥለህ ጀርባህን ነው የሰጠኸን። አንዴ እንኳ አልዞርክም። እኔ ግን እናታችን አጠገብ ነበርኩ። በሩን ይዛ፣ ደረቅ ብላ፣ ስታይህ ነበር። የለቅሶ ድምፅዋን ብትሰማ ትመለስ ነበር፤ ሆደ ቡቡ መሆንህን ታውቃለች። ሻንጣህን ጥለህ ቀሚሷ ሥር ትገባ ነበር። ይሄ ሁሉ ፊልም ከየት ይመጣ ነበር? ዓይኗ ደከም ያለ ነበር፤ ኩርባው ጋ ስትደርስ አንተን መለየት ሲያቅታት 'ታጠፈ?' አለችኝ። 'ታጠፈ' አልኳት። 'እንግዲያ በሩን ዝጊው' አለች። በቃ።"

ዳይሬክተሩ ማይኩን ጭኑ ላይ አውርዶታል። እንዲያም ሆኖ ድምፁ ተሰማ። "አልነገርሽኝም እኮ፣ እቴቴ።"

"አሳየሁህ እንጂ! ፊቷን በፊቴ ሠራሁልህ። ፎቶ ተነሥታ የማታውቅ ሴት፤ ከሷ የቀረን ያ ፊት ብቻ ነው። የጎደለ ነገር አልነበረም። አንተ ነህ ቆመህ ያላየኸው።"

የሚያጨበጭብ ጠፋ። ባለታክሲው እንኳ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

እቴቴ ተቀመጡ። ባለመነጽሯ ልጅ ማይኩን ልትቀበል እጇን ዘረጋች፤ እቴቴ ቦርሳቸው ላይ አጋድመውት እጃቸውን ጫኑበት። ስክሪኑ ላይ ያቺ እንባ እንደተንጠለጠለች ናት፤ አትወርድም፣ አትደርቅም።

"እንባዋን አንሣልኝ" አሉት ወንድማቸውን። "ማልቀስ ካማረህ የራስህ ፊት አለልህ።"