የተሰረዘው ቤት

ማኅሌትና ደሳለ የላሊበላን የኢንተርኔት ካርታ ይጠብቃሉ። ማንም ሰው መንገድ ልጨምር፣ ቤት ልሰርዝ ብሎ ይልካል፤ ከሁለቱ አንዱ ቦታው ድረስ ሄዶ በዓይኑ ካላየው ግን አይጸድቅም።

ጎረቤቶቿ ወደ አዲሱ ሰፈር ከተነሱ ወዲህ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ የቀረችው ማኅሌት ብቻ ናት። ሰሞኑን አንድ የማይታወቅ ሰው የእሷን ቤት «ፈርሷል፣ ይሰረዝ» እያለ ይልካል። እሷም «እየኖርኩበት አይደል እንዴ!» ትልና ሳታጸድቅ ትመልሰዋለች።

ዛሬ ስረዛው ጸድቆ አገኘችው። ተናዳ ደወለች።

«ምነው ደሳለ፣ ሳታይ ታጸድቃለህ?»

«ኧረ አይቼ ነው! አሁንም እዚያው ቆሜያለሁ። ከደጃፍሽ ድንጋይ በቀር ባዶ ሜዳ ነው። አንቺስ የት ገባሽ?»

«ቤቴ ነኛ!»

ደሳለን ሳል ያዘው። ሳሉ በስልኩ ተሰማት፤ ከክፍሏ መሃል፣ ማንም ከማይታይበት ከጠረጴዛው ማዶም ተሰማት።