የቅዳሜው አራተኛ ሰው

«ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል» ትላለች የክለቡ ጸሐፊ፣ እርሳሷን መዝገቡ ላይ ቀስራ። «ሦስቱ ታውቀዋል። አራተኛው ማን ይሁን?»

«ይሄም ይጠየቃል እንዴ?» ይላሉ አባቷ። «አባትሽን ጻፊያ!»

አትጽፍም። አባቷ ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ይህ የቅዳሜ ጎልፍ ብቻ ነው፤ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት እያሉ ከሰኞ ጀምረው ያቅዱታል።

በሩ ሥር የዱላ ከረጢታቸውን አንግቶ የቆመው ተሸካሚያቸው ወለል ወለሉን ያያል። የሐኪሙ ዓይን ከከዳቸው ሁለት ዓመት አለፈው፤ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ላይ የተተከለው ባንዲራ በግራ ከሆነ አንዴ ያስላል፣ በቀኝ ከሆነ ሁለቴ። ተነጋግረውበት አያውቁም፤ እንዲሁ ቀስ በቀስ የመጣ ነገር ነው። የክለቡ ሰው ግን «ሐኪም አስከትለህ እየዞርክ ሳልህን አትታከምም?» እያለ ሲስቅበት ይውላል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቴ ሳለ። ሐኪሙ ሲመቱ፣ ሣር የምታጭደው ሴትዮ ከዛፉ ጀርባ ብቅ አለች። «ሰው አለ» የሚባልበት ሳል አልነበራቸውም። እስኪጮህ ድረስ ኳሱ በጆሮዋ ሥር አልፏል። ሴትዮዋ ጆሮዋን ይዛ ከድንጋጤ ብዛት ሳቀች፤ ያ ሳቅ እስከዛሬ እንቅልፍ ነስቶታል።

የዚያ ቅዳሜ ወሬ ልጅቱም ጋ ደርሷል፤ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች።

«አባዬ፣ ና እስቲ። መለማመጃው ላይ ያለው ባንዲራ ዛሬ በየት በኩል ነው?»

ሐኪሙ ከጎኗ ይቆማሉ። ፈገግ ብለው ጭንቅላታቸውን ትንሽ ወደ በሩ ያዘነብላሉ።

ባንዲራው በቀኝ ነው። ተሸካሚው ጉሮሮውን ይበላዋል። ሁለቴ ብቻ፤ ከዚያ ቅዳሜ እንደ ድሮው ቅዳሜ ይሆናል። የሴትዮዋ እጅ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ይታየዋል። ምራቁን ይውጣል። አያስልም።

ሐኪሙ ይጠብቃሉ። ውጭ የውሃ መርጫው ይሽከረከራል።

«ዛሬ ጉሮሮህ ተሽሎታል» ይላሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«አዎ፣ ዶክተር።»

ሌላ ቃል ቢጨምር የሚያለቅስ ይመስለዋል። ልጅቱ አንዴ አባቷን አንዴ እሱን ታያለች፤ ነገሩ ይገባታል። መልሱን ስትፈልግ የነበረችው ራሷ ናት፤ አሁን ግን ጥያቄዋን መልሳ ብትውጠው ደስ ባላት።

«እንግዲህ አራተኛ ሰው ፈልጊ፣ ልጄ» ይላሉ ሐኪሙ፣ ትከሻዋን እየዳበሱ። «ሰዓቱ ግን ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ።»

ክፍሉን በልማድ ያውቁታል፤ ወንበሩን ሳይነኩ አልፈው በሩ ጋ ይደርሳሉ። እዚያ ይቆማሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ የመውጫውን ደረጃ በጫማቸው ጫፍ እየዳሰሱ፣ ሰው እንዳያይባቸው ወሬ እያወሩ ሲወርዱት ኖረዋል። አሁን እጃቸውን ዘርግተው የተሸካሚውን ክንድ ይይዛሉ።

«ደረጃው ስንት ነው?»

«ሦስት» ይላል ተሸካሚው፣ ጮክ ብሎ። «ከዚያ ሣር ነው።»