አጭሯ እጅጌ

ዋለ መጋረጃውን በእስክሪብቶው ጫፍ ገለጥ አደረገና ቆመ።

«እትዬ ሰብሪያ፣ እነዚህስ?»

ሰብሪያ እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ አላነሳችም። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ፣ የልጆች ልብስ ተሰቅሏል። የወንድ ጀለቢያ አለ፣ የሴት ቀሚስ አለ። ኢድ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል።

ዋለ ከገቢ ጽሕፈት ቤት የመጣ ወጣት ነው። በመካነ ሰላም ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የቀን ገቢ ይገምታል። አብረውት የገቡት አያ ቸኮል ግን የሰፈር ሰው ናቸው፤ ቀበሌው ነው ለምስክርነት የመረጣቸው። እሳቸው ካልፈረሙበት ግምቱ አይጸናም።

«አስራ አራት» አለ ዋለ ቆጥሮ ሲጨርስ። «ፊት ለፊት ሦስት ሰቅለው፣ ከመጋረጃ ጀርባ አስራ አራት! እኛ ሞኝ እንመስላለን?»

«ልጄ፣ እኔ እኮ የትምህርት ቤት ጽዳት ነኝ። ግብሬ በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። ይቺን ከሰዓት በኋላ ነው የምነካካት።»

«የደመወዙ ለብቻ ነው፣ የስፌቱ ለብቻ። ሁለት ገቢ፣ ሁለት ግብር። አምና በቀን መቶ ሃያ ብር ነበር የተገመተብዎ። አሁን አራት መቶ ብዬ ልጽፍ ነው። አይደለም ካሉ የባለቤቶቹን ስም ይንገሩኝ። ማን አዘዘ? በስንት?»

አራት መቶ። ከሁለት መቶ ካለፈ ንግድ ፈቃዱን መልሳ መኪናዋን ከመሸጥ በቀር መላ የላትም። ረመዳን ከገባ ጀምሮ ስታሰላው ነው የከረመችው። ደሴ የሚማረው ልጇ ሙጀሂድ የሚበላው ከዚችው መርገጫ ነው።

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «የሰደቃ ነው» ብትል ያበቃል። ያዘዘም የከፈለም የለም፤ አባት የሌላቸው ልጆች ልብስ ነው። በዐይኗ ለክታ ትሰፋለች፣ የኢድ ለት ከሱብሂ ሶላት በፊት፣ ሳይነጋ፣ በየደጃፋቸው አስቀምጣ ትመለሳለች። እንዲህ ስታደርግ ስድስት ኢድ አለፈ፤ እናቶቹ እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አያውቁም። አሁን ስም ብትጠራ ወሬው ከልብሱ ቀድሞ ይደርሳል። ልጆቹ ሶላት ሜዳው ላይ «የሰደቃ ልብስ!» እየተባሉ ይጠቆማሉ። ደግሞስ ለአላህ ብላ የደበቀችውን ለግብር ብላ ልትገልጠው?

«ስም የለኝም» አለች።

«ቸኮል ከመሰከረ ለወንድሙም አያደላ» ይላቸዋል ሰፈሩ። ዣንጥላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ወደ ገመዱ ጠጋ አሉ።

ዋለ አንዲት አረንጓዴ ቀሚስ አውርዶ ወደ ብርሃኑ አወጣት። ሳቁ መጣ።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው? ግራ እጅጌዋ ሙሉ፣ ቀኟ ክርን ላይ የቀረ! እንዲህ ሰፍተውም ይከፈልዎታል?»

ያችን ቀሚስ ሦስት ጊዜ ፈትታ ነው የሰፋቻት። በመካነ ሰላም እንዲህ ያለ ቀሚስ ልክ የሚሆናት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ባሲማ። ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ ክንዷ ከክርኗ አያልፍም። ባሲማ ደግሞ የአያ ቸኮል የእህታቸው ልጅ ናት። እህታቸው አልታዬ እስላም አግብታ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። በአምናው ኢድ የባሲማን ቀሚስ ደጅ ላይ ያስቀመጠውን ሰው አያ ቸኮል ከተማውን ሙሉ ጠይቀው አጥተውታል።

ሰብሪያ ቀና ብላ እንዳታያቸው መርፌው ላይ አፈጠጠች።

«ተሳስቼ ነው» አለች። «ጨርቅ አንሶኝ።»

አስተግፊሩላህ። በጾም አፏ ዋሸች። ሃያ ዓመት ስትሰፋ ደግሞ ተሳሳትኩ ብላ አታውቅም።

የሰኔው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አያ ቸኮል ቀሚሷን ከዋለ እጅ ተቀበሉ። አጭሯን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ዳሰሷት። ጫፏ ክንድ እንዳይቆረቁር ውስጧ ለስላሳ ገበር ገብቶላታል። የሚሳሳት ሰው ገበር አያገባም። በሌላ እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ያዝ አደረጉ።

«አራት መቶ ብለህ አልፈርምልህም» አሉ።

«ለምን?»

«አልፈርምም አልኩህ።»

«አባባ፣ ደብቀው እኮ ነው የተያዙት! ምክንያት መጻፍ አለብኝ።»

«ምክንያቱን አላህ ያውቀዋል» አሉ አያ ቸኮል።

«ፎርሙ ላይ አላህ የሚል ቦታ የለም።»

«እንግዲያው ባዶውን ተወው። የኔም የፊርማ ቦታ ባዶውን ይደር።»

ዋለ አንዴ እሳቸውን አንዴ እሷን አየ። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ምን ጉድ ነው? እርስዎም ጾመኛ ነዎት እንዳልል ማተብ አስረዋል!» አለ ተናዶ። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ደግሞ ጻፈ። «መቶ ሰማንያ። ከዚህ ሳንቲም አልወርድም።»

አያ ቸኮል ቀሚሷን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጠው ፈረሙ። ሰብሪያም እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች፤ ስሟ ወረቀቱ ላይ ተንጋደደ።

ዋለ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሮጦ ተሻገረ። አያ ቸኮል ዣንጥላቸውን አነሱና ፊታቸውን ወደ ዝናቡ እንዳደረጉ ቆሙ።

«የሙጀሂድ እናት።»

«አቤት አያ ቸኮል።»

«የዘንድሮ ልጆች ቶሎ ቶሎ ነው የሚያድጉት። ክንዳቸው ሁሉ ወፍሯል።»

ሰብሪያ አረንጓዴዋን ቀሚስ ከመኪናው ላይ አነሳች።

«አንድ ጣት ላስፋ?»

«እኔ ስለ ስፌት ምን አውቄ!» ብለው ዣንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ።

አጭሯን እጅጌ ገልብጣ ስፌቷን ፈታች። እንደ ልማዷ ክሩን ለማርጠብ ወደ ከንፈሯ አስጠጋችና ጾሟ ትዝ አላት። እጇን በመስኮቱ ሰደደች፤ ከቆርቆሮው በሚወርደው ጠብታ የክሩን ጫፍ አርሳ መርፌው ዐይን ውስጥ አስገባችው።