ከላይ ያለው ብልቃጥ

የበያጁ ሚስት ልብ የቆመው በጠራራ ፀሐይ፣ ልብስ ስታሰጣ ነው። አምቡላንስ የጠሩት የጎረቤት አሮጊት ናቸው። ባልየው ከሥራው ሮጦ ሲደርስ አንሶላ አልብሰዋታል።

አጠገቧ የተንበረከከውን ነርስ ሲያይ ደሙ ፈላ። ከሠርጋቸው በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የለመናት፣ እሷ እምቢ ያለችው ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ ሹክ አሉት።

«ልጄ፣ አልዋሽህም። አንድ ብልቃጥ አወጣና ነቀነቀው። ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ እሱን ወርውሮ ሌላ አወጣ። ያንንም ነቅንቆ ወጋት።»

በያጁ ሕፃን ልጁን ለእሳቸው ትቶ ወደ አምቡላንስ ጣቢያው ሄደ። ኃላፊዋ ሐኪም አልደበቁትም።

«ጥናት ላይ ነን። ልባቸው ለቆመ ሰዎች ከምንሰጠው ብልቃጥ ግማሹ መድኃኒት ነው፣ ግማሹ ጨው ውሃ። መድኃኒቱ ይጠቅም እንደሆነ ገና አልታወቀም። የቱ የቱ እንደሆነ ሠራተኛው አያውቅም። ከላይ ያለውን ያነሳል፣ አለቀ።»

«ቢነቀንቀውስ?»

ሐኪሟ ቀና አሉ። «ክልክል ነው። መድኃኒቱ ሲነቀነቅ አረፋ ይይዛል፤ ውሃው አይይዝም።»

«ለሚስቴ የቱን ሰጣት?»

«ጥናቱ ሳያልቅ መዝገቡ አይከፈትም።»

አይከፈት። በያጁ መልሱን አግኝቷል።

በበያጁ ክስ ነርሱ በሳምንቱ ኮሚቴ ፊት ቀረበ።

«ነቅንቀሃል?» አሉት ሐኪሟ።

«አዎ።»

«ቀይረሃል?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ነርሱ ባልየውን አየ።

«ምን አፍ አለው!» ብሎ ጮኸ በያጁ። «እኔን እምቢ ያለች ትሙት ብሎ ነዋ!»

«እንዲያ ካልክ ይሁን» አለ ነርሱ።

የሥራ ፈቃዱን ተነጠቀ። ዩኒፎርሙን በፌስታል ይዞ ሲወጣ በያጁ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ይኸው፣ አንተም ባዶ እጅህን ቀረህ!»

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ልጁን ሊወስድ ሲመጣ አሮጊቷ አንድ ነገር እጁ ላይ አኖሩለት።

«ያኔ የወረወረው ነው። ከልብስ ማስጫው ሥር ልጅህ አፏ ልትከተው ስትል ደረስኩባት። ክዳኑ እንኳ አልተነካም።»

ሚስቱን የነፈጋት ይኼ ነው። በያጁ ከግድግዳው ሊያላትመው እጁን አነሳ። መለስ አለና ወደ መስኮቱ ቀርቦ ነቀነቀው። ደግሞ በኃይል ነቀነቀው።

አንድም አረፋ አልያዘም።