የእህት ምክር

ልብስ ሰፊዋ የሰርግ ቀሚሷን በገዛ እጇ ሰፍታ፣ ጫፉን መቀምቀም ብቻ ሲቀራት እጮኛዋ ጠፋ። ሜካኒክ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ፣ በከተማው ዘመድ የሌለው። ቱታውን ጋራዡ ውስጥ ሰቅሎ እንደወጣ በዚያው ቀረ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ዘግታ ሰፈሩን ለቀቀች።

“ሁለቱን መናኸሪያ ያያቸው ሰው አለ አሉ፤” አለቻት ታናሽ እህቷ፣ አንገቷን አቅፋ። “ከሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው እንጂ ምላሴስ እንቢ ብሎኝ ነበር።”

ከዚያ ወዲህ የፀጉር ሠሪዋን ስም የጠራ ደንበኛ ጨርቁን እንደያዘ ይመለስ ጀመር። ቀሚሱንም አልጨረሰችው፣ አልሸጠችው። ሱቁ ጥግ፣ የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የሰው ሙሽራ ስትለካ ዓይኗ እሱ ላይ ያርፍና መርፌው ይወጋታል።

እህቷ ብዙም ሳትቆይ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። እዚያው አገባች፤ ወለደች። ለጥየቃ የምትመጣው ግን ብቻዋን ነው። ባሏ ከሥራ አይወጣም፣ ልጅቷን ደግሞ መኪና ያማታል።

“እስከ መቼ ነው?” ትላታለች በመጣች ቁጥር። “የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እሱ የትም ተኝቶ ያንኮራፋል፤ አንቺ እዚህ ከቀሚስ ጋር ትፋጠጫለሽ።”

“አንድ ነገር ልጠይቀው ብቻ ነው፤ ምን በደልኩህ ልለው።”

እህቷ ከጉልበቷ ላይ የክር ቁራጭ ለቀመች። “እርሺው፣ እቴ። በሞቴ እርሺው።”

ሚስቱ የሞተችበት አናጢ የሱቁን በር ሊጠግን መጣ። በሩ ከተጠገነም በኋላ መምጣቱን አልተወም።

“ደግሞ ምኑ ተሰበረ?” አለችው አንድ ቀን።

“በሩስ ደህና ነው፤” አለ አናጢው፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሳታስበው ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት መቀሱን አነሳች። የቀሚሱን ጉርድ ስትተረትር እያለቀሰች ነበር፤ እጅጌው ላይ ስትደርስ እንባው ቆመ። ከጨርቁ ለእህቷ ልጅ ቀሚስ ሰፋችላት።

አናጢውን ያገባች ቀን፣ እህቷ ሲቃ ይዟት እንግዶቹ ሙሽራዋን ትተው እሷን ያባብሉ ነበር።

“ደስታ ነው፣ ተዉኝ!” አለች።

“አንቺ ባትኖሪ ዛሬም እዚያው ጥግ ቆሜ ነበር፤” አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ጉንጯን እያገላበጠች ስማ።

በማግስቱ እህቷ አውቶቡስ ተሳፍራ ቤቷ ገባች። ባሏ ልጃቸውን እንደታቀፈ በሩን ከፈተላት።

“እንዴት ሆነች?” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“አገባች፤” አለችው። “ከእንግዲህ አንተን አትጠብቅም።”