ታቦቱ ሊገባ ሲል

የቤተ ክርስቲያኑ ማሠሪያ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ታቦቱ ከጊዜያዊው መቃኞ ወጥቶ ወደ መንበሩ ሳይመለስ ላይሞት ምሎ ነበር። በመጀመሪያ የራሱን በሬዎች ሸጠ። ከዚያ ለመዋጮ የሰው በር ማንኳኳት፣ በኋላም መስበር ለመደ። እምቢ ያለውን ከገበያ መሐል ጎትቶ ገረፈ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የአንድ ጎረቤቱን ቆርቆሮ ከቤቱ ላይ አስነቅሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አዋለው።

በምረቃው ዕለት ታቦቱን ያጀበው ዝማሬ ወደ ደጁ ሲቃረብ፣ ያ ጎረቤት ቀድሞ ገባና ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

«አምሯል ጋሼ» አለ። «ዝናቡን ግን ወደ እኔ ቤት አዛወራችሁት።»

ሰብሳቢው በከዘራው አፉን መታው። ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ። ደገመው። ሦስተኛውን ሊሰነዝር ሲል አዛውንቱ ቄስ ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ።

«ምን እያደረግህ ነው? ደም ከፈሰሰበት ቤቱ ረከሰ። ታቦቱ አይገባም።»

ሰብሳቢው ከዘራውን ጥሎ ተንበረከከ፤ አዲሱን ወለል በመዳፎቹ እየዳሰሰ ፈለገ። ደረቅ ነበር።

«ደምተሃል ልጄ?» አሉ ቄሱ።

ሰውየው ከንፈሩን እንደገጠመ ዋጥ አደረገና ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። በሕዝቡ መሐል እየተጋፋ ወጣ፤ ታቦቱ በአጠገቡ ሲያልፍ አጎነበሰ። ከኋላው እልልታው ቀለጠ።

ከቅጽሩ በር ውጭ ሲደርስ አፉን ከፈተ። ደሙ ጥርሶቹን ይዞ ወረደ።