ጎረቤት ቤት፣ እቃ ማጠቢያው ሥር

የእናቷ ጎረቤት ወጥ ቤት በውኃ ተጥለቅልቆ ነበር። ቧንቧ ሠሪዋ ልጅ፣ ሠራተኞቿ በሙሉ አዲስ ሕንጻ ላይ ቧንቧ እየዘረጉ ስለነበሩ ራሷ መጣች። እቃ ማጠቢያው ሥር በጀርባዋ ተንጋላ የላላውን መገጣጠሚያ በመፍቻ ስታጠብቅ፣ እናቷና ጎረቤትየዋ እግርጌዋ ቆመው ነበር።

«እኔ እምልሽ፣» አለች ጎረቤትየዋ ለእናቷ፣ «ልጅሽ ባንክ አልነበረም እንዴ የምትሠራው?»

መፍቻው እጇ ላይ ቀጥ አለ። የባንክ ወንበሯን ትታ የቧንቧ ሥራ ድርጅት ከገዛች ወዲህ፣ እናቷ ለጠየቃት ሁሉ «ፈቃድ ላይ ናት» ስትል ነበር የከረመችው። አሁንስ ምን ትል ይሆን? ውኃው አንገቷ ሥር እየገባ ቢበርዳትም ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

«ለቀቀች እኮ!» አለች እናቷ በመጨረሻ። «የራሷን ድርጅት ገዛች። ሁለት ሠራተኛ ብቻ የነበረውን ቤት አሳድጋ፣ ይኸው ዛሬ ስንቱን ታሠራለች። ያም ሆኖ ላንቺ ስትል ራሷ መጣች።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «በይ አሁን ቆመሽ አታውሪ፣ ባትሪውን ያዢላት። የልጄ ዓይን ይጥፋ እንዴ?»

ጎረቤትየዋ ጎንበስ ብላ ባትሪውን ስታበራ፣ ቧንቧ ሠሪዋ በውኃ ርሳ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ አገኘቻት።